የውሻ ጥርስ በቤት ውስጥ እንዴት ይጸዳል?

የዛሬው የሙያ ትምህርታችን ስለ ውሻ ጥርስ ነው። ነገሩን ስትሰሙ ሳቅ ቢመጣባችሁ አይፈረድባችሁም። በሀገራችን ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ሌሊት ሲጮኽ ያድራል፤ ጥርሱን የሚቦርሽለት ሰው ግን አልታየም። ቤይሩትና አካባቢዋ ባሉ ብዙ ቤቶች ውሻ ከቤተሰቡ ጋር ሳሎን ውስጥ ይኖራል፤ መታጠቡ፣ መበጠሩ፣ መንሸራሸሩና የጥርሱም ነገር ብዙ ጊዜ በሠራተኛዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ማዳም ትንሽ ብሩሽና አንድ ቱቦ ታቀብላችኋለች፤ «በየቀኑ» ትላለች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። እንዴት እንደሚደረግ የሚያሳይ የለም። ውሻው ደግሞ ጥርስ ያለው እንስሳ ነው።

ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ሁለት ነገር እንዲጠበቅ ነው፤ በመጀመሪያ የእኅቶቻችን እጅ፣ ቀጥሎ የውሻው ጥርስ። ከዚህ በኋላ «አንቺ» እያልን ብንነጋገር ይቀለናል።

ለምን ያስፈልጋል?

ያደገ ውሻ 42 ጥርሶች አሉት፤ 20 ከላይ፣ 22 ከታች። ለሰው 32 ነው። ትልልቆቹ ውሾች ረጅም መንጋጭላ ስላላቸው ጥርሶቻቸው ተራርቀው ይቆማሉ። በአፓርታማ የሚያድጉት ትንንሾቹ፣ ዮርክሻየር፣ ማልቲዝ፣ ፑድል፣ ሺትዙ፣ ቺዋዋ የሚባሉት ዝርያዎች ግን ያንኑ 42 ጥርስ በጠባብ አፍ ውስጥ ነው የያዙት። ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፣ አንዳንዱም ይደራረባል፣ ምግብ በመካከላቸው ይቀራል። «ሀገር ቤት ያለውን ውሻስ ማን ቦርሾለት ነው?» ለምትይ አንዱ መልስ ይኸው ነው። ሌላው መልስ የሀገር ቤቱም ውሻ ያመዋል፤ እሱ አይናገርም፣ እኛም ከንፈሩን ገልጠን አናይም።

ውሻው በልቶ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ በጥርሱ ላይ ቀጭን የሚያዳልጥ ነገር ይለጠፋል። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሞሉበት ነው። ይህን በቀላሉ ጠርገሽ ማንሣት ትችያለሽ። ሁለት ሦስት ቀን ከተተወ ግን በምራቁ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር ተዋሕዶ መደንደን ይጀምራል፤ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል። ታርታር የሚሉት ይህ ነው። በውኃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ አስቢ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ነው፤ በብሩሽ አይለቅም። ከድዱ ሥር ሲገባ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ቆይቶም ጥርሱን የያዘውን አጥንት እየበላ ይሄዳል፤ ጥርሱም መነቃነቅ ይጀምራል። ሦስት ዓመት ከሞላቸው ውሾች አብዛኞቹ ትንሽም ቢሆን የድድ ሕመም እንዳለባቸው የእንስሳት ሐኪሞች ይናገራሉ። የሚገርመው፣ በሰው ዘንድ የተለመደው የጥርስ መቦርቦር በውሻ ላይ ብዙ አይታይም። የውሻ መከራው ድዱ ነው።

ይህን ያወቀች የሥራውን ግማሽ አወቀች ማለት ነው። ብሩሹ የሚያስፈልገው ጥርሱ ነጭ ሆኖ ለእንግዳ እንዲታይ አይደለም፤ ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን መስመር ለመጥረግ ነው። መፋቂያ የተጠቀመች ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ መፋቂያ ሳሙና የለውም፣ ጥርስን የሚያጠራው ፍትጊያው ነው። ለውሻውም ዋናው ፍትጊያው ነው፤ ከቱቦው የሚወጣው ነገር ረዳት ነው።

በሰው የጥርስ ሳሙና አይሞከርም

የውሻው ቱቦ ሲያልቅ ከመታጠቢያ ቤት የቤተሰቡን ኮልጌት ወይም ሌላ የጥርስ ሳሙና አንሥቶ መጠቀም ቀላል ይመስላል። ፈጽሞ አታድርጊው። እኛ ተጉመጥምጠን እንተፋለን፤ ውሻ መትፋት አያውቅም፣ ሁሉንም ይውጠዋል። አረፋውና በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ሆዱን ያውከዋል። ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። በአንዳንድ የጥርስ ሳሙናዎች፣ በአፍ መጉመጥመጫዎችና ስኳር የለባቸውም በሚባሉ ማስቲካዎችና ከረሜላዎች ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ጣፋጭ ነገር ይገባል። ለሰው ጉዳት የለውም፤ ለውሻ ግን መርዝ ነው። በጥቂት መጠን እንኳ በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር በድንገት ያወርደዋል፤ አንዳንዴ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ውሻው ያስመልሰዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። መጠኑ ከበዛ ጉበቱን ይጎዳል። በቦርሳሽ ውስጥ ያለው ማስቲካም የዚህ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ቦርሳሽን ከፍ አድርገሽ ስቀይ።

ምናልባት ውሻው እንዲህ ያለ ነገር በልቶ ካገኘሽው «እስቲ ልየው» ብለሽ አትቆዪ። ወዲያው ለማዳም ደውይ፣ መጠቅለያውን ወይም ቱቦውን አትጣይ፤ ሐኪሙ ያየዋል። ሐኪሙ ሳያዝዝ እንዲያስመልሰው አታድርጊ።

ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሎሚ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ውሻው ይውጣቸዋል፣ ድዱንም ያቃጥሉታል። ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ የዶሮ ወይም የሥጋ ጣዕም ያለው ሳሙና አለ፤ ቢዋጥም አይጎዳውም። እሱ ከሌለ ብሩሹን በንጹሕ ውኃ ብቻ አርጥቦ መጠቀም ይበቃል።

ብሩሽ ከመያዝ በፊት

እዚህ ላይ ቸኩላ የገባች እኅት ናት የምትነከሰው። ማንም ሰው አፉን በድንገት ቢይዙት ይቆጣል፤ ውሻም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ድዱ ቀድሞ የታመመ ከሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ለማለማመድ ተዪው። ማዳም «ዛሬ ቦረሽሽው?» ብትል «እያለማመድሁት ነው» በያት፤ ይህ ስንፍና አይደለም፣ የእንስሳት ሐኪሞችም የሚመክሩት መንገድ ነው።

ውሻው የተረጋጋበትን ሰዓት ምረጪ፤ ከሽርሽር በኋላ ጥሩ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ቴሌቪዥን የሚጮኽበት ክፍል አይሁን። ትንሽ ውሻ ከሆነ ከጎንሽ ሶፋ ላይ ወይም ጭንሽ ላይ፣ ፊቱ ወደ ፊት ሆኖ ይቀመጥ። ትልቅ ከሆነ ወለል ላይ ከጎኑ ተንበርከኪ። ከፊት ለፊቱ ቆመሽ አትጎንበሺበት፣ ዓይን ለዓይንም አትፋጠጪው፤ በውሻ ቋንቋ ይህ ማስፈራራት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉንጩንና ከንፈሩን ከውጭ ብቻ ዳሺው፤ አመስግኚው፣ ከምግቡ ጥቂት ስጪው፣ በቃ። ይህን ሲለምድ በጣትሽ ጥቂት የውሻ ሳሙና ይዘሽ ይላሰው፤ ቱቦውን ሲያይ ጅራቱን መወዝወዝ ከጀመረ ጥሩ ነው። ከዚያ አፉ እንደተዘጋ ከንፈሩን በቀስታ ገልጠሽ በጣትሽ የላይኛውን ጥርስ ከውጭ በኩል ንኪ። ቀጥሎ ጣትሽ ላይ ፋሻ ጠቅልለሽ ወይም ጣት ላይ የሚጠለቀውን የጎማ ብሩሽ አድርገሽ ጥቂት ጥርሶችን አብሺ። ብሩሽ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዳንዱ ውሻ በአምስት ቀን ይለምዳል፤ አንዳንዱ ወር ይፈጃል፤ ከመጠለያ የመጣ ወይም የተደበደበ ውሻ ከዚያም ሊቆይ ይችላል። የማይለምድም አለ፤ በዚያ ጊዜ ነገሩ የሐኪሙና የማዳም እንጂ ያንቺ ሥራ አይደለም።

አቦራረሹ

አፉን አትክፈቺ። ብዙዎች የሚሳሳቱት መንጋጭላውን ፈልቅቀው ሲይዙ ነው። አያስፈልግም። አፉ ተዘግቶ በአንድ እጅሽ ከንፈሩን ወደ ላይ አንሺ፤ በሌላው እጅሽ ለስላሳውን ብሩሽ ወደ ድዱ አዘንብለሽ ያዢ፤ ግማሹ ድድ ላይ ግማሹ ጥርስ ላይ ይረፍ። በትንንሽ ክብ ሽክርክሪት ቀስ እያልሽ ሂጂ። ድስት እንደምትፈትጊ አይሁን፤ የሕፃን ድድ እንደምትነኪ ይሁን።

ከክራንቻው ጀምረሽ ወደ ኋላ ሂጂ። የፊት ትንንሾቹ ጥርሶች ለውሻ በጣም ስሜት የሚሰጡ ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ይደረሱ። ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚሻው ከላይ በኩል ከጉንጩ ሥር ያለው ትልቁ ጥርስ ነው። ምራቅ የሚወጣበት ቀዳዳ በዚያ አጠገብ ስለሆነ ታርታር ቀድሞ የሚጋገረው እዚያ ነው። ጊዜ ባይኖርሽ እንኳ የሁለቱን ጎን የላይኛ ጥርሶች ከውጭ በኩል ብትጠርጊ ዋናው ተሠራ። የውስጡን ገጽ ምላሱ በመጠኑ ያጸዳዋል፤ ለእሱ ብለሽ ጣትሽን በጥርሶቹ መካከል አታስገቢ።

ለእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሁሉም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በየቀኑ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቆሻሻው በሁለት ሦስት ቀን መደንደን እንደሚጀምር ከላይ አይተናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መቦረሽ ውሻውንም አንቺንም ማድከም ነው፤ ቆሻሻው ቀድሞሽ ይደነድናል።

የደነደነውን ታርታር በጥፍርሽ፣ በቢላዋ ጫፍ ወይም ገበያ ላይ በሚሸጠው ብረት ለመፋቅ አትሞክሪ፤ ማዳም ብትሰጥሽም። ብረቱ የጥርሱን ገጽ ይቧጭራል፣ ውሻው ከተንቀሳቀሰም ድዱን ይቀደዋል፣ የሚጎዳው ደግሞ ከድዱ ሥር ያለው ስለሆነ የታየውን መፋቁ መፍትሔ አይሆንም። ይህ ሐኪሙ ውሻውን አስተኝቶ የሚሠራው ሥራ ነው። «እኔ ላቆስለው እችላለሁ፣ ሐኪም ያድርገው» ማለት ተገቢ መልስ ነው።

ውሻው ሲያስጠነቅቅ

ውሻ በድንገት ነከሰ ሲባል እንሰማለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አስቀድሞ ተናግሯል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፤ የዓይኑ ነጭ ይታያል፤ ጅራቱን ይወትፋል። ከዚያ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም አትቆጪው፣ አትምቺው። ማጉረምረሙ «ተይኝ» ማለቱ ነው፤ በዱላ ካስተዉት ሌላ ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል። እጅሽን ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ተነሺ፣ ለዛሬ ይብቃ። ትናንት እሺ ያለ ውሻ ዛሬ ከተቆጣ ምናልባት የሚያመው ነገር አለ፤ ይህንኑ ለማዳም ንገሪ።

ከነከሰሽ

ጥርሱ ቆዳሽን ከበሳ፣ ጭረቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ። በሰዓት ቁጠሪው፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ቡና አትነስንሺበት፣ ሎሚ አትጭመቂበት። ከዚያ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብሽ። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያም በሊባኖስም አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ቶሎ ክትባት የወሰደ ግን ይተርፋል። ውሻው የተከተበ የቤት ውሻ ከሆነ አደጋው እጅግ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ክትባት ያስፈልግሻል ወይስ አያስፈልግሽም የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው። ውሻው ጤነኛ መስሎ ቢታይም 10 ቀን ክትትል ይደረግበታል። የቴታነስ ክትባትም ሊያስፈልግሽ ይችላል። ቁስሉ ከባድ ከሆነና ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው።

«ማዳም ትቆጣለች» ብለው ንክሻን በጨርቅ ሸፍነው የሚሠሩ እኅቶች አሉ። እባክሽ አትደብቂ። ውሻው የነከሰው ባንቺ ጥፋት ቢሆንም ባይሆንም ቁስሉ ሐኪም ማየቱ አይቀሬ ነው። ማዳም «ምንም አይደለም» ካለች ሚስተርን፣ ካልሆነም የታመነ ጓደኛ አስጠሪ።

ከማዳም ጋር

ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ ያውቃል? የክትባቱ ደብተር የት ነው? ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እሷ አጠገቡ ትቀመጥለት ይሆን? ውሻ የለመደው ሰው ሲኖር ይረጋጋል፤ ማዳምም ሥራው ምን እንደሆነ በዓይኗ ታያለች።

ዐረብኛው እንዳትፈሪው። ግእዝ የሰማች ጆሮ ያላት እኅት ግማሹን ታውቀዋለች፤ በግእዝ ውሻ ከልብ ነው፣ በዐረብኛም ከልብ ነው፤ በግእዝ ጥርስ ስን ነው፣ በሊባኖስ ዐረብኛ ጥርሶቹ ለማለት «ስናኖ» ይላሉ፤ ደም በሁለቱም ደም ነው፤ ሐኪምም ሐኪም ነው። «ወይን ደፍተር ኤል-ከልብ?» ብትይ የውሻው ደብተር የት አለ ማለት ነው። «ፊ ደም ዓ ስናኖ» ጥርሱ ላይ ደም አለ ማለት ነው። «ሪሕት ቲሞ ብሽዓ» የአፉ ሽታ መጥፎ ነው። «ላዚም ሐኪም» ሐኪም ያስፈልገዋል።

አንድ ምክር እንጨምር። ወጥ ቤት ባለው የግድግዳ ካላንደር ላይ የቦረሽሽበትን ቀን ምልክት አድርጊ፤ ደም ካየሽ፣ ጥርስ ተሰብሮ ካገኘሽ ያንኑ ቀን ጻፊና ተናገሪ። ከስድስት ወር በኋላ ሐኪሙ አራት ጥርስ ነቅሎ ትልቅ ሂሳብ ሲመጣ «አንቺ አልቦረሽሽለትም» የሚል ቃል ይነሣ ይሆናል። ካላንደሩ ያኔ ይናገርልሻል። የታመመ ድድ በመጀመሪያው ሳምንት ሲቦረሽ ትንሽ ሊደማ ይችላል፤ ከዚያ አልፎ የሚደማ ከሆነ ግን መንገር ነው።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያለበት ምልክት ይህ ነው፤ ከዓይኑ በታች ጉንጩ ካበጠ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ከሆነ፣ ምግብ ከአፉ ከወደቀበት፣ ፊቱን በእግሩ የሚፍቅ ከሆነ፣ ጥርሱ ከተነቃነቀ ወይም ከተሰበረ። ከዓይን በታች ያለው እብጠት ብዙ ጊዜ ቀደም ሲል ካነሣነው ትልቅ የላይኛ ጥርስ ሥር መግል ሲቋጠር የሚመጣ ነው።

አጥንትና ማኘኪያ

አጥንት ጥርሱን ያጸዳለታል የሚባለው ብዙ ያሳስታል። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮውን ወይም አንጀቱን ይወጋዋል፤ የዶሮው በተለይ። ጠንካራው አጥንት፣ ቀንድና ሰኮና ደግሞ ራሱን ጥርሱን ይሰብሩታል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጥፍርሽን ስትጫኚበት ካልሰረጎደ ለውሻ ጥርስ ይጠነክራል። ከሱቅ የሚገዙ የጥርስ ማኘኪያዎች ግን አሉ፤ ከ1997 ጀምሮ የሚሠራ ቪ.ኦ.ኤች.ሲ. የሚባል በአሜሪካ ያለ የእንስሳት የጥርስ ጤና ምክር ቤት መርምሮ ማኅተሙን የሚሰጣቸው ይገኙባቸዋል። ማዳም ስትገዛ ማኅተሙን እንድታይ ልትጠቁሚያት ትችያለሽ። እነሱም ቢሆኑ ምግብ ናቸው፤ ያወፍራሉ። ሲያኝክ አጠገቡ ሁኚ፣ ትልቅ ቁራሽ እንዳይውጥ።

ቡችላ ካለ

ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፋሉ፣ በስድስትና በሰባት ወር ሌሎቹ ተተክተው ያልቃሉ። በዚህ ጊዜ ወለል ላይ ትንሽ ጥርስ ወይም አሻንጉሊቱ ላይ የደም ጠብታ ብታገኚ አትደንግጪ። ድዱ ስለሚያመው መቦረሹን ትተሽ ከንፈሩን መንካት ብቻ አለማምጂው። አሮጌው ጥርስ ሳይወድቅ አዲሱ ጎኑ ከበቀለ ግን፣ በትንንሾቹ ዝርያዎች ይህ ይደጋገማል፣ ለሐኪሙ ይታይ።

ብሩሹን ከተጠቀምሽ በኋላ በውኃ አጥበሽ አየር በሚያገኝበት ቦታ አቁሚው፤ ከቤተሰቡ ብሩሾች ጋር በአንድ ብርጭቆ አይቀመጥ። ሁለት ውሻ ካለ ሁለት ብሩሽ ይሁን። ፀጉሩ ሲጎብጥ፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ገደማ፣ ይቀየራል። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ በፕላስተር ሸፍነሽ ጓንት አድርጊ፤ ጓንት ከንክሻ አያድንም፣ ከምራቅ ግን ይጠብቃል። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት።